ቆርቆሮ ቤትን ቀን በሃይላንድ፣ ማታ በሶላር ማብራት

መስኮቱ የጠበበ ቆርቆሮ ቤት እኩለ ቀን ላይም ይጨልማል። ውጭ ፀሐይዋ እየከረረች ውስጥ ሽንኩርት ለመክተፍ አምፖል ማብራት ግን የግድ አይደለም። እስቲ ጣሪያው ላይ ያለ አንድ የምስማር ቀዳዳ ተመልከቱ። በዚያ የሚገባው ጨረር ወለሉ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ይጥላል፤ ክቧ ታበራለች፣ ዙሪያዋ ጨለማ ነው። ቀዳዳውን ብታሰፉት ክቧ ትሰፋለች እንጂ ክፍሉ አይበራም። የጎደለው ብርሃኑን የሚበትን ነገር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ይበቃል። ዘዴውን በ2002 እ.ኤ.አ. ያመጣው የብራዚሉ መካኒክ አልፍሬዶ ሞዘር ነው። ከላይ የገባው ብርሃን ውሃው ውስጥ ይታጠፋል፣ የጠርሙሱ ጎኖች ላይ እየተንጸባረቀ ይወርድና በየአቅጣጫው ይወጣል። በጠራራ ፀሐይ አንዱ ጠርሙስ ከ40 እስከ 60 ዋት የድሮ አምፖል ያህል ያበራል። በደመና ይደክማል።

የሚያስፈልገው ባለ 2 ሊትር፣ ቀለምና ጭረት የሌለው ሃይላንድ፣ 2 ክዳን (10 ሚ.ሊ. ገደማ) በረኪና፣ ከጣሪያው ጋር ሞገዱ የሚገጥም 30 በ30 ሳ.ሜ. ቁራጭ ቆርቆሮ፣ ለውጭ ሥራ የሚሆን ሲሊኮን፣ ሪቬት ወይም ባለ ጎማ የጣሪያ ምስማር፣ ብርጭቆ ወረቀትና ወፍራም ጓንት ነው። በረኪናውን አትዝለሉት። ያለ እሱ ውሃው ቀስ በቀስ አረንጓዴ ይሆንና ብርሃኑን ይውጠዋል። የቧንቧው ውሃ ከደፈረሰ አሳድራችሁ አጥልሉት።

ቁራጩ ላይ የጠርሙሱን ዙሪያ አስምሩ፤ አብዛኛው ወደ 11 ሳ.ሜ. ስፋት አለው። ከዚያ 1 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ሁለተኛ ክብ አስምሩ። የውስጡን ክብ ቆርጣችሁ አውጡት፤ ከጠርዙ እስከ ውጭኛው መስመር ድረስ በየ2 ሳ.ሜ. በቆርቆሮ መቀስ ሰንጥቁና ጥርሶቹን ወደ ላይ እጠፏቸው። ጠርሙሱን ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ ከታች አስገቡት። አንድ ሦስተኛው ከቁራጩ በላይ፣ ሁለት ሦስተኛው ከታች ይሁን። ጥርሶቹ የሚነኩትን ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት፤ ሲሊኮን ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ በደንብ አይዝም። ዙሪያውን ከላይም ከታችም ለቅልቁትና 24 ሰዓት ይድረቅ። ክዳኑንም በሲሊኮን ሸፍኑት፤ ካልተሸፈነ ፀሐይ ቶሎ ታደርቀውና ክዳኑ ይሰነጠቃል።

ጣሪያ ላይ ስትወጡ የምትረግጡት የምስማሩን መስመር ይሁን፤ ከስሩ ማገር ያለው እዚያ ነው። ከጠርሙሱ በ1 ሳ.ሜ. የሚሰፋ ቀዳዳ በሁለት ማገር መካከል ቁረጡ፤ ኮርኒስ ካለ እሱም በልኩ መበሳት አለበት። የጣሪያውን አቧራ ጠርጉ፣ ሲሊኮን አድርጉበት፣ ቁራጩን አስቀምጡና ምስማሩን በሞገዱ ጉብታ ላይ ምቱ። የሚያፈስ ሃይላንድ ብዙውን ጊዜ ምስማሩ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ላይ የተመታ፣ ወይም ሲሊኮኑ እርጥብና አቧራማ ቆርቆሮ ላይ የተቀባ ነው። ከሁሉ የሚሻለው የቁራጩ የላይኛው ጫፍ ሁለት ቆርቆሮዎች በሚደራረቡበት ስር እንዲገባ ቦታ መምረጥ ነው፤ የዚያን ጊዜ ውሃው ከላዩ አልፎ ይሄዳል። ውሃ የሞላው ጠርሙስ 2 ኪሎ ስለሆነ በሽቦ ከማገሩ ጋር እሰሩት። ሥራው የበጋ ነው፣ በክረምት አትጀምሩት።

ብርሃን ከማስገባታችሁ በፊትም በኋላም ግድግዳውን ኖራ ቀቡት። ጥላሸት የጠጣ የጭቃ ግድግዳ የገባውን ብርሃን አብዛኛውን ያስቀረዋል፣ ነጭ ግድግዳ ደግሞ አብዛኛውን ይመልሰዋል። ከዚህ የረከሰ ማሻሻያ የለም።

ማታ ኩራዝን ተዉት። ነበልባሉ ከሻማ ብዙም አያበራም፣ ጭሱን የሚጠጣው ልጁ ነው፣ ከተገለበጠም ቤት ያቃጥላል። በኤልኢዲ አምፖል ስትተኩት ደግሞ የዋቱን ያህል ርቀቱን አስቡበት፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከደብተሩ 2 ሜትር ርቆ ኮርኒስ ላይ ካለ 9 ዋት ይልቅ፣ በ60 ሳ.ሜ. ከፍታ የተንጠለጠለ 3 ዋት ገጹን ከሦስት እጥፍ በላይ ያበራዋል።

ሶላሩን ከመግዛታችሁ በፊት አስሉ። ሦስት ባለ 3 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት ከበሩ 45 ዋት-ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር 90 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም ባለ 12 ቮልቱ 7.5 አምፒር-ሰዓት ያስፈልጋል፤ ለደመናማ ቀን መጠባበቂያ እጥፉን ያዙ። ፓኔሉን በክረምት ልክ ለኩት፤ በቀን 3 ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይና 30 በመቶ ብክነት ብታስቡ 20 ዋት ይበቃል። ስልክም የሚሞላ ከሆነ 30 ዋት ግዙ።

ስትገጥሙ ኮንትሮለሩን (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረውን ሳጥን) መጀመሪያ ከባትሪው ጋር አገናኙ፣ ቀጥሎ ፓኔሉን፣ መጨረሻ አምፖሎቹን። ፓኔል ቀድሞ ከተገናኘ ብዙ ኮንትሮለር የባትሪውን ቮልቴጅ ለይቶ ማወቅ ያቅተዋል፣ አንዳንዱም ይበላሻል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ባለ 5 አምፒር ፊውዝ አስገቡ። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል፤ ይህ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው በቂ ነው። ከዚያ በላይ አታቁሙት፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። የባሕር ዛፍ ጥላ ትንሽም ቢሆን አትናቁት። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲጋረድ የሌሎቹም ኃይል ይወርዳል። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ፣ ጠዋት ፓኔሉ ሳይግል፣ በንጹህ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት።