ሸለምጥማጥ የማይገባበት የዶሮ ቤት አሠራር

ገጠር ውስጥ ለሚያድር ዶሮ ጠላቱ ብዙ ነው። ማታ ሸለምጥማጥ፣ ጥርኝ፣ ቀበሮና አነር፣ ቀን ጭልፊት፣ በማንኛውም ሰዓት ደግሞ አይጥና እባብ ይመጡበታል። ዶሮ የተበላበት ሰው ቶሎ የሚያስበው በዪውን መግደል ነው። ይህ ብዙም አያዋጣም፤ አንዱ ሲሞት የለቀቀውን ቦታ ሌላ ይይዘዋል። ደግሞም ሸለምጥማጡም ጉጉቱም እባቡም አይጥ የሚያድኑ ናቸው። መርዝ ማስቀመጥ ከሁሉ የባሰ ነው፤ የተመረዘች አይጥ የበላ ድመት፣ ውሻ ወይም ጉጉት አብሮ ሊሞት ይችላል። መሠራት ያለበት ቤቱ ነው።

በዪው ማን እንደሆነ ማወቅ

ዶሮዋ ጠፍታ ጥቂት ላባ ብቻ ከቀረ ተሸክሞ መሄድ የሚችል አውሬ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀበሮ። ብዙ ዶሮ ተነክሶ ሞቶ ሳይበላ ከተገኘ ሸለምጥማጥን ወይም ውሻን ጠርጥሩ፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚራወጥ ዶሮ እስካለ ድረስ መንከሳቸውን አያቆሙም። ሽቦው ሥር ራሷን ወይም እግሯን ያጣች ዶሮ ካገኛችሁ ገዳዩ ጭራሽ አልገባም፤ በቀዳዳው ጎትቶ ነው የበላት። ሜዳ ላይ በአንድ ቦታ ዙሪያውን የተነጨ ላባ የጭልፊት ሥራ ነው። እንቁላል ቅርፊቱን እንኳ ሳይተው ከጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እባብ ነው፤ ሳይሰብር ይውጣልና። ካልታወቀ ማታ በሩ ፊት ለፊት የተነፋ አመድ በስሱ ነስንሱና ጠዋት ዱካውን እዩ። በውሻና በቀበሮ ዱካ ላይ የጥፍር ምልክት ይታያል፤ በድመት ዘሮች ዱካ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታይም።

ሽቦው ላይ አትሳሳቱ

የዶሮ ሽቦ የሚባለው ባለ ስድስት ጎኑ፣ የተጠማዘዘው ሽቦ የተሠራው ዶሮ እንዳይወጣ ነው እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይደለም። ውሻ በጥርሱ ይበጥሰዋል፤ ቀዳዳው ደግሞ ለመዳፍ ሰፊ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ቀዳዳው 12 ወይም 13 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር የማያንስ፣ መጋጠሚያው የተበየደ፣ ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተቀባ ሽቦ ነው። ቀጫጭን አካል ያላቸው አዳኞች ጭንቅላታቸው ካለፈ ሌላው አካላቸው ይከተላል፤ 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ለትንንሾቹ በቂ በር ነው። ሽቦው ለሁሉም ካልበቃ ዶሮዎቹ የሚያድሩበትን ክፍል ብቻ በደንብ ሸፍኑበት፤ የሚውሉበት ግቢ ይቆይ።

ሽቦውን ከውጭ በኩል በእንጨቱ ላይ ዘርግታችሁ፣ በየ10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትሩ ሰፊ ሮንዴላ ባለው ብሎን እሰሩት። ከውጭ ሲታሰር አውሬው ሲገፋው እንጨቱ ይደግፈዋል። ከውስጥ የታሰረ፣ ያውም በታጠፈ ሚስማር ብቻ ከሆነ፣ ጥቂት ግፊት ይነቅለዋል።

ቆፋሪዎች የሚጀምሩት ግድግዳው ሥር ነው። ስለዚህ ሽቦውን ከግድግዳው ግርጌ ወደ ውጭ አጥፋችሁ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ላይ አንጥፉ፤ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ በታጠፈ ወፍራም ሽቦ ቸንክሩትና አፈር ወይም ድንጋይ አልብሱት። አውሬው ግድግዳው ሥር ቆሞ ሲቧጥጥ ሽቦውን ያገኛል፤ ወደ ኋላ ርቆ መቆፈር ብዙውን ጊዜ አያስብም። ጉድጓድ ምሶ ሽቦውን ከመቅበር ይህ ጉልበት ይቆጥባል፤ ድንጋያማ መሬት ላይ ደግሞ ሌላ ምርጫም የለም።

በሩ ከታች ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍተት አይኑረው። የሚወዛወዝ መንጠቆ ብቻውን አይታመንም፤ ተንሸራታች መቀርቀሪያ አድርጉና ቀለበቱ ውስጥ ማያያዣ ጨምሩ። ዝንጀሮ በሚያዘወትርበት አካባቢ ቁልፍ ነው የሚሻለው።

አውሬ ፈርቶ ሁሉን ነገር መድፈን ሌላ ጥፋት ያመጣል። ከኩስ የሚወጣው አሞኒያ የዶሮን መተንፈሻ ይጎዳል። አየር ማስገቢያውን ከቆጡ በላይ፣ ጣሪያው ሥር አድርጉና በዚያው ሽቦ ሸፍኑት። ጎንበስ ብላችሁ ስትገቡ ዓይናችሁን የሚያቃጥል ከሆነ አየሩ አልበቃም፤ ጉዝጓዙም ይለወጥ። ቆጡ ከሽቦው ግድግዳ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ለአንድ ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል። ሸለምጥማጥ ዛፍ ስለሚወጣ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ይቆረጥ።

ሲያልቅ በጨለማ ፈትሹት። ውስጥ ደማቅ ባትሪ አብርታችሁ በሩን ዝጉና ውጭውን ዙሩ፤ ከአየር ማስገቢያውና ከሽቦው ግድግዳ በቀር ብርሃን የሚወጣበት ቦታ ሁሉ ገና ያልተደፈነ ቀዳዳ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ልማድ ነው። ዶሮ ሲመሽ ራሷ ትገባለች፤ እናንተ ግን ቆጥራችሁ ዝጉ፤ ጠዋትም በደንብ ሳይነጋ አትክፈቱ። የተረፈ ጥሬ ማታ ይነሳ፤ መኖው ክዳን ባለው ብረት ዕቃ ይቀመጥ፤ አይጥ የሚመጣው ለእሱ ነው፤ እባብ ደግሞ ለአይጧ። ጫጩቶችን የመጀመሪያዎቹን ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ላዩ በተሸፈነ ቦታ አውሉ። ለትልልቆቹ ጭልፊት ሲመጣ የሚሸሸጉበት ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ ይኑር፤ ቤቱን ተጠግቶ ያለውን ረጅም ሣር ግን 2 ሜትር ያህል አጽዱት።

እንቁላል ስታነሱ ጎጆውን ሳታዩ እጅ አትስደዱ። እባብ ካለ ልጆችንና ውሻን አርቁ፣ መውጫ ተዉለትና ራቁ፤ ብዙ ሰው የሚነደፈው ለመግደል ወይም ለመያዝ ሲሞክር ነው። የተነደፈ ሰው ቦታው አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ በገመድ አይታሰር፤ ቀለበትና አምባር አውልቃችሁ፣ የተነደፈው አካል ሳይንቀሳቀስ ፈጥናችሁ ጤና ተቋም አድርሱት። ሰው የማይፈራ ወይም ለሃጩ የሚዝረበረብ የዱር እንስሳ ቀን ላይ ካያችሁ አትጠጉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከነከሰ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ይታጠብና በዚያው ቀን ለክትባት ይኬድ።

አንዴ ዶሮ የወሰደ አውሬ ደግሞ ይመጣል፤ የገባበትን ቀዳዳ በዚያው ቀን፣ ሳይመሽ ዝጉት።