የአይቢኤም ፒሲ 5150 አልነሳ ሲል፦ የፓወር ሰፕላይ ችግርና መፍትሄ

በ1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው አይቢኤም ፒሲ 5150 የሚሠራው 63.5 ዋት ብቻ በሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ በሚመግበው ክፍል) ነው። በ1983 የተከተለው የአይቢኤም ፒሲ ኤክስቲ ደግሞ 130 ዋት አለው። ሁለቱ ሲበላሹ የሚያሳዩት ምልክት ስለሚመሳሰል ከዚህ በታች የተጻፈው ለሁለቱም ያገለግላል። ማሽኑ አልነሳ ባለ ቁጥር ፓወር ሰፕላዩን ወደ መፍታት መሮጥ ግን አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው በመጋቢው ሳይሆን በሚመገበው ዕቃ ላይ ነው።

ምልክት፦ ማብሪያው ሲጫን ፋኑ ጥቂት ንቅንቅ ብሎ ይቆማል፣ ወይም ጨርሶ ድምፅ የለም።

ይህ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን እየተከላከለ መሆኑን ያመለክታል፤ ከሚያወጣቸው ቮልቴጆች አንዱ ሾርት ሲሆንበት ከመቃጠል ይልቅ ሥራውን ያቆማልና። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ደጋግመው ሾርት የሚሆኑት የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉት የታንታለም ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) ናቸው፤ በተለይም በማዘርቦርዱ የ12 ቮልት መስመር ላይ ያሉት። በላያቸው 10 ማይክሮፋራድና 16 ቮልት ተጽፎ ይገኛል። ታንታለም የቮልቴጅ ጭማሪን የማይታገሥ ዕቃ በመሆኑ፣ በ12 ቮልት ላይ የ16 ቮልቱን ማስቀመጥ በቂ መተንፈሻ አይሰጠውም፤ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ተኝቶ የኖረ ማሽን ድንገት ኤሌክትሪክ ሲያገኝ እንዲህ ያለው ካፓሲተር አንዳንዴ በጭስና በብልጭታ፣ አንዳንዴም አንዳች ምልክት ሳያሳይ ሾርት ይሆናል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ማሽኔ ላይ የፓወር ሰፕላዩን ካፓሲተሮች በሙሉ ሁለት ቀን ፈጅቼ ከቀየርኩ በኋላ፣ ጥፋተኛዋ ማዘርቦርዱ ላይ ያለች አንዲት ፍሬ ሆና አግኝቻታለሁ።

ለማረጋገጥ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉ፤ ካርዶቹንና የፍሎፒ ድራይቮቹን ማገናኛዎች ያውጡ፤ ፒ8 እና ፒ9 የተባሉትን ሁለቱን የማዘርቦርድ ማገናኛዎችም ይንቀሉ። ከዚያ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገው በቦርዱ ላይ እያንዳንዱን መስመር ከግራውንድ ጋር ይለኩ። በፒ8 ሦስተኛው እግር ፕላስ 12፣ አራተኛው ማይነስ 12 ነው፤ በፒ9 ሦስተኛው ማይነስ 5፣ ከአራት እስከ ስድስት ያሉት ደግሞ ፕላስ 5 ናቸው። የ5 ቮልቱ መስመር ብዙ ቺፖችን ስለሚመግብ ንባቡ ከሌሎቹ ዝቅ ቢል አያስደንግጥዎ፤ በ12 ቮልቱ ላይ ወደ ዜሮ የተጠጋ ንባብ ካገኙ ግን ሾርቱ እዚያ አለ። ቦርዱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ካርዶቹንና ድራይቮቹን በተመሳሳይ መንገድ ተራ በተራ ይፈትሹ፤ እነሱም ታንታለም አለባቸው።

ሾርት የሆነውን ካፓሲተር ነቅለው ማሽኑን ለሙከራ ያለ እሱ ማስነሳት ይቻላል። በምትኩ 10 ማይክሮፋራድ ሆኖ 25 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ይበይዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ በተለመደው የአሉሚኒየም ካፓሲተር ላይ ያለው ሰረዝ ማይነስን ሲያሳይ፣ በታንታለም ላይ ያለው ሰረዝ ግን ፕላስን ያሳያል። በማይነስ 12 እና በማይነስ 5 መስመሮች ላይ ደግሞ የካፓሲተሩ ፕላስ የሚገባው ወደ ግራውንድ ነው። ተገልብጦ የተበየደ ታንታለም ይፈነዳል።

ምልክት፦ ፋኑ ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው፤ የቢፕ ድምፅም የለም።

የፒ8 የመጀመሪያው እግር «ፓወር ጉድ» የሚባለው ምልክት ነው። ቮልቴጆቹ እስኪረጋጉ ድረስ ዝቅ ብሎ ቆይቶ ፕሮሰሰሩን በሪሴት ይይዘዋል፤ ወደ 5 ቮልት አካባቢ ሲወጣ ይለቀዋል። ማሽኑ በርቶ ሳለ የ5 ቮልቱ መስመር ከ4.75 በታች ከሆነ በውጪው በኩል ያሉት የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ደርቀው ሊሆን ይችላል፤ በዚያው መጠንና ቮልቴጅ፣ 105 ዲግሪ በሚችሉ ይተኩ። ቮልቴጆቹ ሁሉ ልክ ሆነው ፓወር ጉድ ብቻ ዜሮ ከሆነ ግን ብልሽቱ ያለው ምልክቱን በሚያወጣው የፓወር ሰፕላዩ ክፍል ውስጥ ነው።

ፓወር ሰፕላዩን ከማሽኑ አውጥተው ሲሞክሩ ያለ ጭነት፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚወስድ ዕቃ ሳይገናኝበት፣ አያብሩት፤ ጤነኛ ቢሆንም ላይነሳ ይችላል። በ5 ቮልቱ ላይ 2.2 ኦም፣ 25 ዋት የሚችል ሬዚስተር፣ በ12 ቮልቱ ላይ ባለ 5 ዋት የመኪና አምፖል በቂ ነው። ሬዚስተሩ እጅ ያቃጥላል።

ምልክት፦ ፊውዙ ተቃጥሏል።

ከአሜሪካ የመጣን ማሽን በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ከመሰካት በፊት ከኋላው የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የፊውዙ ብርጭቆ ጠቁሮ ከተገኘ በመግቢያው በኩል ከባድ ሾርት አለ ማለት ነው፤ የድልድይ ዳዮዶቹንና የስዊቺንግ ትራንዚስተሮቹን ይለኩ። ከፍ ያለ ፊውዝ መተካት ወይም በሽቦ ማገናኘት እሳት መጋበዝ ነው።

የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ከመክፈትዎ በፊት ግን ይህን ይወቁ፦ ዋናዎቹ ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በ220 ቮልት አገር ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። እግሮቻቸውን በካቻቢቴ አያገናኙ፤ በ10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ግማሽ ደቂቃ ያህል ያራግፉና በመልቲሜትር ያረጋግጡ። እንዲህ ላለው ሥራ ልምድ የሌለው ሰው ሣጥኑን ለባለሙያ ቢሰጥ ይሻላል።

ምልክት፦ ማሽኑ እየሠራ ሳለ የሚከረፋ ጭስ ይወጣል።

በዚያ ዘመን በብዙ ፓወር ሰፕላዮች መግቢያ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢጫ ሽፋን ያለው የወረቀት ካፓሲተር ይገኛል። ሽፋኑ በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ እርጥበት ይገባዋል፤ ከዚያ ይጨሳል። ስንጥቅ ካዩ ሳይጨስ በፊት ይቀይሩት። በሁለቱ የመብራት ሽቦዎች መካከል ያለው ኤክስ2፣ ከአንዱ ሽቦ ወደ መሬት የሚሄደው ደግሞ ዋይ የሚል ደረጃ የተጻፈበት መሆን አለበት።

ጥገናው ሲያልቅ ፓወር ሰፕላዩን መጀመሪያ ባለ ክር የ60 ዋት አምፖል በመብራት መግቢያው ሽቦ ላይ በተከታታይ አስገብተው ከነሙከራ ጭነቱ ያብሩት፤ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ቦግ ብሎ ከቀረ ሾርቱ ገና አልወጣም። አምፖሉን አውጥተው ፒ8 እና ፒ9ን ሲመልሱ የሁለቱ ጥቁር ሽቦዎች መሀል ላይ ጎን ለጎን መዋል አለባቸው፤ ከተቀያየሩ ቦርዱ ይቃጠላል። ግማሽ ሰዓት ካሠሩት በኋላ የ5 እና የ12 ቮልቱን መስመር እንደገና ይለኩ።