የስብ ህዋሳትን ሰዓት ከሜላቶኒን ጋር ለማስማማት

በአንጎል መካከል የሚገኘው ፓይኒያል ዕጢ በጨለማ ጊዜ የሚያመነጨው ሜላቶኒን በደም አማካይነት ወደ ስብ ህዋሳት ደርሶ፣ በላያቸው ባሉት ተቀባዮች በኩል ሌሊት መሆኑን ያሳውቃቸዋል። እነዚህ ህዋሳት የየራሳቸው ውስጣዊ ሰዓት ስላላቸው፣ ስብ የሚያከማቹበትና የሚያፈርሱበት እንዲሁም ሌፕቲን የተባለውን የጥጋብ ሆርሞን የሚያመነጩበት መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል።

ይህን ዑደት ለመጠበቅ በቅድሚያ ብርሃንን ያስተካክሉ፦ ጠዋት የቀን ብርሃን ያግኙ፤ ከመኝታ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ደግሞ መብራት ይቀንሱ፤ በተለይ የስልክና የኮምፒውተር ሰማያዊ ብርሃን የሜላቶኒንን መመንጨት ይገታልና። ቀጥሎ የሚመጣው፣ ብዙዎች ግን ችላ የሚሉት፣ የእራት ሰዓት ነው። ሜላቶኒን ከፍ ባለበት ጊዜ መመገብ የኢንሱሊንን መመንጨት ስለሚቀንስና የደም ስኳር ከፍ ብሎ እንዲቆይ ስለሚያደርግ፣ እራትዎን ከመተኛትዎ 2 ወይም 3 ሰዓት አስቀድመው ይጨርሱ። የመኝታ ሰዓትዎም በዕረፍት ቀናት አይለዋወጥ።

የሜላቶኒን እንክብል ለመውሰድ ካሰቡ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፤ ምሽት ላይ ሲወሰድ የሰውነትን ሰዓት ያስቀድማል፣ ጠዋት ሲወሰድ ግን ያዘገያል። በእንስሳት ላይ የታየው ስብን የመቀነስ ውጤት በሰው ላይ በበቂ ሁኔታ ስላልተረጋገጠ፣ እንክብሉን የክብደት መቀነሻ አድርጎ መቁጠር አይገባም።