ቤት ከመከራየታችሁ በፊት፦ አሜሪካ ውስጥ የልዩ ፍላጎት ልጅ ያለን ወላጆች የምንሠራቸው ስህተቶች

አፓርታማውን የተከራየነው ለትምህርት ቤቱ ብለን ነበር። ከበረንዳው ላይ ሜዳው ይታያል፤ በእግር ሦስት ደቂቃ ነው። ትምህርት የተከፈተ ቀን ቢጫው አውቶብስ መጣ፣ ልጄን ጫነና ያንን ትምህርት ቤት አልፎት ሄደ። ልጄ የሚያስፈልገው ክፍል ያለው አርባ ደቂቃ ርቆ ኖሯል። ማንም አልዋሸንም። የጠየቅነው ሰውም አልነበረም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ሰፈሩን አይቶ ፕሮግራሙን አለመጠየቅ። አገልግሎቱን የመስጠት ግዴታ ያለበት ዲስትሪክቱ፣ ማለትም የአካባቢውን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው አካል ነው። የግድ በሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ይስጥ የሚለው የለም። ለምሳሌ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የተዘጋጁ ክፍሎች ብዙ ጊዜ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ብቻ ነው የሚገኙት። ስለዚህ የኪራይ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ዲስትሪክቱ የልዩ ትምህርት ቢሮ ደውሉ። “ጥሩ ፕሮግራም አላችሁ?” አትበሉ፤ መልሱ ሁሌም “አዎ” ነው። ይልቅ የልጃችሁን አይኢፒ (ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀውን የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ይዛችሁ እንዲህ በሉ፦ “እንዲህ ያለ አይኢፒ ያለው የሁለተኛ ክፍል ልጅ በዚህ አድራሻ ቢመዘገብ የት ይመደባል? ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ፣ ስንት አዋቂ አለ? የንግግር ቴራፒስቷ በሳምንት ስንት ቀን ትመጣለች? ቦታው አሁን በሰው ተይዟል ወይስ ክፍት ነው?” ዙሪያ ጥምጥም ከሄዱባችሁ እሱም መልስ ነው።

ሁለተኛው ኢንተርኔት ላይ ያለውን ነጥብ ማመን ነው። “ከ10 9 አለው” ተብሎ ስንቱ ኪራይ ጨምሮ ገብቷል! ያ ቁጥር በአብዛኛው ከፈተና ውጤት የሚመጣ ነው፤ ስለ እናንተ ልጅ ብዙ አይናገርም። ስቴቶች ስለ እያንዳንዱ ዲስትሪክት በየዓመቱ የሚያወጡት ሌላ መረጃ አለ፦ ልዩ ትምህርት ከሚያገኙት ልጆች ስንቶቹ የቀኑን 80 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ በመደበኛ ክፍል ያሳልፋሉ? እኔ እሱን ነው የማየው። ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ ግን አትደሰቱ። ልጁን ያለ ረዳት መደበኛ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

“ሕጉ የፌዴራል ስለሆነ የትም ቢኬድ ያው ነው” የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሕግ ለሁሉም ስቴት አንድ ነው። አፈጻጸሙ ግን ይለያያል። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2004 ልዩ ትምህርት የሚያገኙ ተማሪዎችን ቁጥር 8.5 በመቶ አካባቢ እንዲገታ የሚገፋ መለኪያ አውጥታ ነበር። ጉዳዩን በ2016 ጋዜጣ አወጣው፤ በ2018 የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ስቴቷ ሕጉን እንደጣሰች አሳወቀ። በመሃሉ ስንት ልጅ ምርመራ ሳያገኝ አደገ። ልዩ ትምህርት የሚሰጥበት ዕድሜም ይለያያል፤ ብዙ ቦታ 21 አካባቢ የሚያበቃው ሚሺጋን ውስጥ እስከ 26 ይዘልቃል።

ወረቀት ሳይዙ ቤት መቀየር ሌላው ስህተት ነው። አይኢፒ ያለው ልጅ በትምህርት ዓመቱ መሃል ዲስትሪክት ሲቀይር፣ አዲሱ ዲስትሪክት የራሱን እስኪያዘጋጅ ድረስ ከቀድሞው ጋር ተመጣጣኝ አገልግሎት መስጠት አለበት። “ፋይሉ ይላክልን፣ ከዚያ እንጀምራለን” ካሉ ቅጂውን ከቦርሳችሁ አውጡና ጠረጴዛው ላይ አድርጉ፦ የመጨረሻው አይኢፒ፣ የምርመራው ውጤት፣ የእድገት ሪፖርቶቹ። ፖስታውን ከቤት ዕቃው ጋር መኪና ላይ አትጫኑት፤ በእጃችሁ ይሁን።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ወረፋው ነው። ከትምህርት ቤት ውጭ ያለው እርዳታ፣ ማለትም የቤት ረዳትና የሜዲኬይድ ዌይቨር (በመንግሥት የጤና መድን በኩል የቤት ውስጥ እንክብካቤ የሚከፈልበት ፕሮግራም)፣ በየስቴቱ ለየብቻ ነው። አንዳንድ ቦታ ለዓመታት ይጠበቃል። ስቴት ስትቀይሩ የያዛችሁት ተራ አይከተላችሁም፤ ከጭራ ትጀምራላችሁ። ስለዚህ ዘመድ ስላለ ብቻ ከመሄዳችሁ በፊት ወረፋው እዚያ ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

የግል ትምህርት ቤትን በሁለት ቃል ልለፈው፤ በራሳችሁ ፈቃድ ካስገባችሁት ልጁ በሕዝብ ትምህርት ቤት የነበረው የአገልግሎት መብት አብሮት አይሄድም።

አሁን ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው፣ ማንም ጮክ ብሎ የማያወራው፤ የአክስትን አድራሻ መጠቀም። “እሷ ጋ ነው የምንኖረው በሉ” ይባላል። ዲስትሪክቶች ይህን ያጣራሉ። ከተያዛችሁ ልጁ በዓመቱ መሃል ይወጣል፤ የትምህርት ክፍያ የሚጠይቁም አሉ። መምህሩን ለመልመድ አምስት ወር ለሚፈጅበት ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኑሮ ከብዷችሁ የምር ከአክስት ጋር በደባልነት የምትኖሩ ከሆነ ግን መዋሸት አያስፈልግም። ማኪኒ ቬንቶ የሚባለው የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለ ልጅ የአድራሻ ማስረጃ ባይኖረውም ወዲያው እንዲመዘገብ ያዛል። እያንዳንዱ ዲስትሪክትም ለዚህ የተመደበ ሰው አለው።

ስትደውሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ “ለአይኢፒ ስብሰባ የአማርኛ አስተርጓሚ ከየት ታመጣላችሁ?” ማቅረቡ የእነሱ ግዴታ ነው። “ልጅ ካላችሁ ታስተርጉምላችሁ” ያለኝ ቢሮ አለ። ልጅቷ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ሊያስተረጉሟት የፈለጉት ስለ ወንድሟ ነው። እዚያ ሰፈር ቤት አልተከራየንም።