ሃስኪ፣ ሳሞይድ ወይም ስፒትዝ ውሻ ወሎ ውስጥ እንዴት ይያዛል?

ግንቦት ሲገባ ሃስኪ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ይሄን ሁሉ ፀጉር ተሸክሞ እንዴት ይችለዋል? ላስላጨው እንዴ?» ይለኛል። እባካችሁ አታስላጩት። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ፣ ግን ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄንን ያዙ።

እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ጉም የሚባል ሃስኪ አለኝ፣ አሁን 4 ዓመት ሞልቶታል። ቡችላ ሆኖ ከአዲስ አበባ ሳመጣው ስለ ዝርያው የሚነግረኝ ሰው በአቅራቢያዬ አልነበረም፤ የማውቀውን ያወቅኩት እሱን እያየሁና የእንስሳት ሐኪም እየጠየቅኩ ነው። ሌላው ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ፦ የት ነው የምትኖሩት?

ሃስኪን ያረባው በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ የሚኖረው የቹክቺ ሕዝብ ነው። ማላሙት የአላስካ ነው፣ ሳሞይድ ደግሞ የሰሜን ሩሲያ። ስፒትዝ የሚባለው ወገን ሰፊ ነው። ጆሮው የቆመ፣ አፉ ሾል ያለ፣ ጅራቱ ጀርባው ላይ የተጠቀለለ ውሻ ካያችሁ ከዚያው ዘር ነው፤ ከጃፓኑ አኪታ ጀምሮ 3 ኪሎ እንኳን እስከማይሞላው ፖሜራኒያን ድረስ። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ድርብ ፀጉራቸው ነው። ከላይ ረጅምና ጠንካራ፣ ከታች ደግሞ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ ሌላ ፀጉር አላቸው።

አሁን ወደ እኛ አገር እንምጣ። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ። መካከላቸው ያለው መንገድ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሳችሁ ስትወርዱ ሙቀቱ 4 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ለእኛ ጃኬት ማውለቅ ነው። ለሃስኪ ግን ሌላ አገር ነው።

ስለዚህ ደሴ፣ ቦሩ ሜዳ፣ ኩታበር ወይም ደላንታ ከሆናችሁ ውሻው ይስማማዋል። ሐይቅና ወልዲያ ከሆናችሁ በጥንቃቄ ይቻላል። ኮምቦልቻም ይቻላል፣ ግን ቀትር ላይ ቀዝቀዝ ያለ የሲሚንቶ ወይም የሴራሚክ ወለል ያለው ክፍል ሊኖራችሁ ይገባል። ባቲ፣ ከሚሴና ቆቦ ላላችሁ ግን ልቤ የሚለውን ልንገራችሁ፣ ሃስኪም ማላሙትም አታምጡ። ብትወዱትም እሱ ይሰቃያል። ለዚያ ቆላ የለመደው የአገራችን ውሻ አለ፣ ብልህ ነው፣ ታማኝ ነው፣ ሙቀቱንም ያውቀዋል።

ፀጉሩ

ገበሬው ቀትር ላይ ጋቢውን አናቱ ላይ ጣል የሚያደርገው በርዶት አይደለም። ፀሐዩን ሊከላከልበት ነው። የእነዚህ ውሾች ፀጉርም እንደዚያ ነው የሚሠራው። የላይኛው ፀጉር የፀሐይን ጨረር ቆዳ ላይ እንዳያርፍ ያደርጋል። ስትላጩት ቆዳው ይቃጠላል። መልሶ ሲያድግም መጀመሪያ የሚመጣው የታችኛው ባዘቶ ስለሆነ ፀጉሩ ይዝጎረጎራል፣ አንዳንዱ ውሻ ላይ ደግሞ ቦታ ቦታውን ጭራሽ ሳይበቅል ይቀራል።

ሙቀት የሚያፍነው ፀጉሩ ስላለ ሳይሆን የረገፈው የታችኛው ፀጉር ውስጥ ተይዞ ሲቀር ነው። ስለዚህ ሥራችሁ ማበጠር ነው። እንዲህ አድርጉ።

1. ሁለት ማበጠሪያ ያስፈልጋችኋል። አንዱ ጥርሱ ረጅምና ሳሳ ያለ፣ ሌላው ቀጫጭን የሽቦ ጥርስ ያለው ብሩሽ። የውሻ ካጣችሁ ጥርሱ ጠንካራና ሰፋፊ የሆነ የብረት ማበጠሪያ ለመነሻ ይበቃል። ጫፉ እንዳይቧጥጥ በራሳችሁ ክንድ ላይ ሞክሩት።

2. ከኋላ እግሩ ጀምሩ። በአንድ እጃችሁ ፀጉሩን ወደ ላይ ያዙና ከሥር ያለውን ቀጭን መስመር ብቻ፣ ከቆዳው ጀምራችሁ ወደ ውጭ አበጥሩ። ከዚያ ትንሽ ፀጉር ልቀቁ፣ እሱንም አበጥሩ። እናቶቻችን ሹሩባ ሲሠሩ ፀጉሩን መስመር በመስመር ከፍለው የሚይዙትን አስቡ፣ ልክ እንደዚያ። ላይ ላዩን ብቻ ካበጠራችሁት ውሻው ያምራል እንጂ ውስጡ እንደታፈነ ነው።

3. ከጆሮው ጀርባ፣ ከብብቱና ከጭኑ ኋላ ያለውን በደንብ እዩት። የሚቋጠረው እዚያ ነው። ቋጠሮውን በመቀስ ለመቁረጥ አትቸኩሉ፣ ቆዳው ቀጭን ስለሆነ አብሮ ይቆረጣል። በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ ፍቱት።

4. በሳምንት 2 ጊዜ ይበቃል። ፀጉሩን በብዛት በሚያረግፍበት ወቅት ግን በየቀኑ። ያኔ ከአንድ ውሻ የሚወጣው ፀጉር ማዳበሪያ ሙሉ ሊሆን ይችላል። አትደንግጡ፣ ጤና ነው። ክብ ክብ እየሠራ ቆዳው ከታየ፣ ከቀላ ወይም ካሳከከው ግን ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ማጠቡን አታብዙት። በ2 ወይም በ3 ወር አንድ ጊዜ በቂ ነው፣ እነዚህ ውሾች ብዙ ሽታም የላቸውም። የልብስ ዱቄት ሳሙና አትጠቀሙ። ከማጠባችሁ በፊት አበጥሩት፤ ካጠባችሁ በኋላ እስከ ቆዳው ድረስ አድርቁት። ደሴ ላይ ክረምት ከገባ ዋናው ጠላት ብርዱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው። ጭጋጉና ዝናቡ ለሳምንታት አይለቅም። ውስጡ ረጥቦ የሚቆይ ፀጉር ቆዳውን ያቆስለዋል። ለዚህ የሚተኛበትን ቦታ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በጣውላ ሥሩለት፣ ጣሪያው የማያፈስ ይሁን።

ሙቀት ሲመታው

ይሄንን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ጉም 1 ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ኮምቦልቻ ለሠርግ ይዤው ወረድኩ። ግንቦት ነበር። ጥላ ሥር አሰርኩት፣ ውሃም አስቀመጥኩለት፣ በቃኝ አልኩ። ጥላው ዞረ። ከምሳ በኋላ ስመለስ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ምላሱ ደም መስሏል፣ ሲነሳ ይንገዳገዳል። ያን ቀን የተረፈው አንዲት የቤቱ እናት ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዘው ሮጠው ስለመጡ ነው። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ውሻ እንደ ሰው አያልበውም። መዳፉ ሥር ትንሽ ላብ አለ፣ ዋናው ማቀዝቀዣው ማለክለክ ነው። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ከ40 ካለፈ አደጋ ነው፣ 41 ከደረሰ ደቂቃ አይሰጥም። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ማለክለኩ አይቆምም፣ ድዱና ምላሱ በጣም ይቀላል፣ ለሃጩ ይወፍራል፣ ያስመልሰዋል፣ ይንገዳገዳል ወይም ይወድቃል።

ያኔ ወዲያውኑ ወደ ጥላ አውጡት። ከዚያ ተራ የቧንቧ ውሃ አፍሱበት። ድርብ ፀጉሩ ውሃ ስለሚያንሸራትት ከላይ ማፍሰስ ብቻ አይበቃም፣ በጣታችሁ ፀጉሩን እየከፈላችሁ ቆዳው ድረስ አርጥቡት። ሆዱን፣ ጭኑን በውስጥ በኩል፣ መዳፎቹን አትርሱ። ሌላ ሰው በካርቶንም በሰፌድም ቢሆን ያራግብለት። እርጥብ ፎጣ አልብሳችሁ አትተዉት፣ ሙቀቱን መልሶ ያፍነዋል። ራሱ ከጠጣ ይጠጣ፣ አፉ ውስጥ ግን በግድ ውሃ አትጨምሩ፣ ወደ ሳንባው ይገባል። መንገድ ላይም እያቀዘቀዛችሁት ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። ቆሞ ጅራቱን ቢቆላም ሂዱ፣ ምክንያቱም ኩላሊትና ጉበት ላይ የደረሰው ጉዳት ዘግይቶ ነው የሚታየው።

እንዳይደርስ ደግሞ የእግር ጉዞውን ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ ፀሐይ ከገባች በኋላ አድርጉት። አስፋልቱ ላይ የእጃችሁን ጀርባ ለ7 ሰከንድ አሳርፉ፣ ካልቻላችሁት እሱም አይችለውም። የቆመ መኪና ውስጥ፣ መስኮቱ ገርበብ ቢልም፣ ለአንድ አፍታም አትተዉት።

ሩጫው

እ.ኤ.አ. በ1925 አላስካ ውስጥ ኖም በምትባል ከተማ የዲፍቴሪያ በሽታ ሲነሳ 20 ሰዎች 150 ገደማ ውሾችን ይዘው፣ በቅብብሎሽ፣ መድኃኒቱን ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ በበረዶ ውስጥ በ5 ቀን ተኩል አደረሱት። ግቢ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ የሚውለው ሃስኪ የእነዚያ ወገን ነው። ቢያንስ በቀን 1 ሰዓት ካልተንቀሳቀሰ ጫማ ይበላል፣ በር ይቧጥጣል፣ ሌሊቱን ያላዝናል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። እኔ ጉምን ጠዋት ጠዋት ወደ ጦሳ ተራራ ሥር ይዤው እወጣለሁ፣ አየሩም ለሁለታችንም ይመቻል።

ግን ገመዱን አትልቀቁ፤ በፍጹም። በጎችና ዶሮዎች ሲያይ የሚሰማችሁ አይምሰላችሁ። የሰው በግ ከነከሰ ዕዳው የእናንተ ነው፣ ፀቡም እንደዚሁ። ገመዱን ከአንገቱ ይልቅ ደረቱ ላይ በሚታሰር ማሰሪያ አድርጉት፤ በተለይ ለፖሜራኒያን፣ የመተንፈሻ ቱቦው ስስ ስለሆነ የአንገት ማሰሪያ ይጎዳዋል። አጥሩ 1.8 ሜትር ያህል ይሁን፣ ሥሩን ደግሞ ድንጋይ ደርድሩበት፤ ሃስኪ ቆፍሮ መውጣት ይችልበታል። ማታ ውጭ እንዳያድር። ጅብ ውሻ ይበላል፣ እኛ ከተማ ዳር ደግሞ ጅብ አይጠፋም።

ምግቡ

ሃስኪ ከግዙፍነቱ አንፃር ብዙ አይበላም። ወንዱ ከ20 እስከ 27 ኪሎ ነው የሚመዝነው፣ ሲወፍር ሙቀቱን መቋቋም ይከብደዋል። በቀን 2 ጊዜ ስጡት። የተቀቀለ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ሩዝ ጥሩ ነው። ወጥ አትስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋሱን ያጠፋበታል፣ ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ናቸው። ተቀቅሎ የተሰነጠረ የዶሮ አጥንት አንጀቱን ይበሳል።

እኛ ጋ ውሻ ብዙ ጊዜ የሚኖረው በፉርሽካና በእንጀራ ፍርፋሪ ነው። ለሃስኪና ለማላሙት ይሄ ለብቻው ችግር አለው። እነዚህ ዝርያዎች ዚንክ የሚባለውን ማዕድን ከምግብ መውሰድ ይከብዳቸዋል፣ በእህልና በገለባው ያለው ንጥረ ነገር ደግሞ የቀረውንም ይይዝባቸዋል። በዓይናቸውና በአፋቸው ዙሪያ ቅርፊት ያወጣሉ፣ ፀጉራቸው ይሳሳል። ብዙ ሰው እከክ ነው ብሎ ቅባት ይቀባል። ሐኪሙን ስለ ዚንክ ጠይቁት፣ ራሳችሁ ክኒን ገዝታችሁ ግን አትስጡ።

ለመስቀል፣ ለፋሲካ፣ ለአረፋ በግ ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ልማዳችን ነው። እባካችሁ ይቅር። ውሃ የቋጠረ እብጠት ያለበት ጉበት ውስጥ የትል እጭ አለ። ውሻው ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆቻችሁ እጅ ይደርሳል፣ ከዚያ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያው እብጠት ይወጣል። ቅበሩት። ውሻውንም በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ስጡት።

ጎረቤት

ወሎ ውስጥ ግድግዳ የምንጋራው ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ጋር ነው። ለብዙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የውሻ ለሃጭ ልብስ ከነካ ለሶላት አይሆንም። አጠገባችን ያሉት እናት ሁሌ ሲወጡ «ልጄ፣ ያዝልኝ፣ ለሶላት ነው የምወጣው» ይሉኛል፣ እኔም «እሺ እማማ፣ ያዝኩት» እላለሁ። አሁን የሚወጡበትን ሰዓት ስለማውቅ ሳይሉኝ በፊት በሩን እዘጋለሁ። ሃስኪ ብዙ አይጮህም፣ ያላዝናል እንጂ። አዛኑንም የቅዳሴ ደወሉንም ሲሰማ አብሮ ያላዝናል። ከዚያ ሰዓት 10 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ወደ ቤት አስገቡት፣ የሚያኝከው ነገር ስጡት።

ክትባት

ቡችላው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው ዲስቴምፐርና ፓርቮ የሚባሉት ገዳይ የውሻ በሽታዎች ክትባት ይጀምር፣ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይቀጥላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ወረቀቱን አስቀምጡ። ሰው ከነከሰ፣ ውሻው ቢከተብም ባይከተብም፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ከኮምቦልቻ ወይም ከሐይቅ ስትመለሱ ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መሃል መዥገር ፈልጉ።

ደጋ ለደጋ መሄድ ለምትወዱ አንድ ነገር ልጨምር። በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ከፍታዎች ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ከእኛ ውሾች ወደ እነሱ ይሻገራል፣ አንዴ ከገባም መንጋውን ይጨርሳል። ሃስኪያችሁ ለዚያ ብርድ የተፈጠረ ስለሚመስል ይዛችሁት መውጣት ያምራችኋል፣ እኔንም ያምረኛል። ቀበሮው ወዳለበት ግን ውሻችሁን፣ የተከተበም ቢሆን፣ አትውሰዱ። ጉምን እቤት ትቼው ነው የምሄደው።