ጥጃው ታመመ? መጀመሪያ የእንገሩን ሰዓት ጠይቁ

ጥጃ በተወለደ በሳምንት በሁለት ሳምንቱ ሲታመም ብዙዎቻችን መርፌ ፍለጋ እንሮጣለን። እኔ ግን አስቀድሜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እንገር የጠጣው መቼ ነው? ስንት ሊትር?

ምልክት፦ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ የጎደጎደ ዓይን፣ ቀዝቃዛ ጆሮ።

ምክንያት፦ የላም እንግዴ ልጅ የእናቲቱን ፀረ እንግዳ አካል ለጽንሱ አያሳልፍም። ጥጃው ባዶ እጁን ነው የሚወለደው። መከላከያውን የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱ ደግሞ ይህን መከላከያ ወደ ደም የማስገባት አቅሙ በየሰዓቱ ይቀንሳል፣ በ24 ሰዓት ገደማ ያከትማል። ላሟ ሌሊት 8 ሰዓት ወለደች እንበል። አላቢው ጠዋት 1 ሰዓት ሲደርስ ዋናዎቹ 5 ሰዓታት አልፈዋል።

መፍትሄ፦ ለቀጣዩ ጥጃ በተወለደ በ2 ሰዓት ውስጥ የክብደቱን 10 በመቶ ያህል አጠጡ። 35 ኪሎ ለሚመዝን ዲቃላ 3.5 ሊትር መሆኑ ነው። ለታመመው ግን አሁን እንገር መስጠት ያለፈውን አይመልስም። የእንስሳት ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ድብልቅ) ስጡት፣ ወተቱንም አትከልክሉት። መቆም ወይም መጥባት ካቃተው ሐኪም ዛሬውኑ ይምጣ።

ምልክት፦ በሰዓቱ ጠጥቶም ታመመ።

ምክንያት፦ ወይ እንገሩ ቀጭን ነው፣ ወይ ባልዲው ቆሻሻ ነው። «እንገር ሲበዛ ያስቀምጣል» የሚል አላቢ ሞልቷል። እኔ ግን ባልዲውን ነው የምጠረጥረው። ጣታችሁን ውስጡን አሹት፤ ካሟለጨ የወተት ስብ አለበት፣ ጀርም ይራባበታል።

መፍትሄ፦ ባልዲውን መጀመሪያ በለብታ ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈትጉ። የእንገሩን ጥራት በዓይን ብቻ አትመኑ፤ በብሪክስ መለኪያ (የእንገሩን ወፍራምነት በመቶኛ የምታሳይ ትንሽ መሣሪያ) 22 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ጥሩ ነው። የተረፈ ጥሩ እንገር ካለ በንጹህ ሃይላንድ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፤ ሌላ ላም ቀጭን ስታወጣ ይደርስላችኋል። ስታቀልጡት ግን እሳት ላይ አትጣዱት። ከ50 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። በልጅነታችን እቤት ተቀቅሎ እንደ አይብ ረግቶ የበላነውን እንገር አስታውሱ። ለእኛ ይጣፍጣል፣ ለጥጃው ግን መከላከያው አብሮ በስሏል።

ምልክት፦ ያበጠ እትብት ወይም ጉልበት።

ምክንያት፦ እንገሩ አንሶት ሊሆን ቢችልም ጀርሙ የሚገባበት በር እትብቱ ነው። መፍትሄ፦ እንደተወለደ እትብቱን አዮዲን ውስጥ ንከሩት፣ ደረቅ ጭድ አንጥፉለት። ካበጠ በኋላ ግን የሐኪም ሥራ ነው። ሐኪሙ ከመጣ አይቀር በዚያው ሳምንት የተወለደ ሌላ ጥጃ ካላችሁ ደም ይውሰድለት። የደሙ ጠቅላላ ፕሮቲን በዴሲ ሊትር ከ5.2 ግራም በታች ከሆነ የእንገር አሰጣጣችሁ ላይ ክፍተት አለ።