በአህጉር ደረጃ ፖሊሲ ስንወተውት ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው አንዲት ወጣት የሙያ ባልደረባችን ከኅብረቱ ግቢ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ባለ ቀለም የታተመ ሰነድ በካርቶን ሙሉ ይዛለች፤ መግቢያ ባጅ ግን የላትም። ጽሑፉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ አየሁት፤ ጥሩ ነው፣ እንቅልፍ አጥታ እንደሠራችው ያስታውቃል። የውሳኔው ረቂቅ ግን ካለቀ ሰንብቷል። አንጀቴን በላችው፤ እኔም ጀማሪ ሳለሁ እዚያው በር ላይ እንደዚያው ቆሜያለሁና።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይሄ ነው፤ መሪዎቹን መጠበቅ። አንድ ሐሳብ እነሱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የዘርፉ ባለሙያዎችና ሚኒስትሮች በልዩ የቴክኒክ ኮሚቴ ያዩታል። ከዚያ አዲስ አበባ የሚኖሩት አምባሳደሮች በቋሚ ተወካዮች ኮሚቴ አንቀጽ በአንቀጽ ይከራከሩበታል። ቀጥሎ ሚኒስትሮቹ የሚሰበሰቡበት የሥራ አስፈጻሚ ምክር ቤት አለ። የካቲት ላይ መሪዎቹ የሚያጸድቁት በዚህ ሁሉ ያለፈውን ነው። «አባል አገሮች ያረጋግጣሉ» የሚለው «ይጥራሉ» ተብሎ የሚለዝበው ታች ነው፤ ያቺን አንዲት ግስ የሚያስቀይረው ደግሞ ስሙን የማናውቀው የአንድ ኤምባሲ ሁለተኛ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ ጥቅምት ላይ እሱን ፈልጋችሁ አግኙት። አርባ ገጽ አትስጡት፤ አንድ ገጽ ይበቃል። እዚያ ላይ ረቂቁ ውስጥ እንዳለ ሊገባ የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። «ጉዳዩ ትኩረት ይሻል» ብላችሁት ብትሄዱ ምን ያድርገው? የሚጽፈው ቃል አልሰጣችሁትም።

ሁለተኛው ፊርማን እንደ ድል መቁጠር ነው። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 ኪጋሊ ላይ ተፈረመ፤ የሚያስፈልጉት የ22 አገሮች ማጽደቂያዎች ተሟልተው ግንቦት 2019 በሥራ ላይ ዋለ። በዚያው በ2018 የወጣው የሰዎች ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮልስ? ከ30 በላይ አገሮች ፈርመውታል፣ የሚጠበቀው ማጽደቂያ 15 ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ለዓመታት ሳይሟላ ቆይቷል። ፓርላማ ማጽደቁም መጨረሻው አይደለም። የማጽደቂያ ሰነዱ ለኅብረቱ ኮሚሽን ገቢ ካልተደረገ አገሪቱ አትቆጠርም። ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት አገር ፓርላማው ሲያጸድቅ እልል ብለን፣ መግለጫ አውጥተን፣ ወደ ሌላ ሥራ ዞርን። ወራት አልፈው ዝርዝሩን ስናይ አገሪቱ የለችበትም፤ ወረቀቱ ፊርማ ሊጠብቅ ከአንድ ቢሮ ገብቶ እዚያው ቀርቷል። ያን ጊዜ ክትትሉ የኔ ኃላፊነት ነበር። አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ ይበቃ ነበር።

የገንዘብ ሚኒስቴርን መዝለልም የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ መሪዎቹ ከዓመታዊ በጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና፣ በ2003 ማፑቶ ላይ ደግሞ 10 በመቶውን ለግብርና ሊመድቡ ቃል ገቡ። አብዛኞቹ አገሮች አልደረሱበትም። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ የምንመላለሰው ጤና ሚኒስቴር ነው፣ ቀድሞውንም ከኛ ጋር የሚስማማው ዘንድ። የበጀቱን ጣሪያ የሚወስነው የገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ክፍል ባለሙያ ፊታችንን አይቶት አያውቅም። የበጀት ዓመቱም እንደየአገሩ ይለያያል፤ የናይጄሪያ ጥር፣ የደቡብ አፍሪካ ሚያዝያ፣ የኬንያ ሐምሌ ላይ ይጀምራል። ለሁሉም አገር በአንድ ቀን የሚጀመር ዘመቻ ግማሹ ዘንድ የሚደርሰው በጀቱ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ቁጥር ስትጠቅሱም «ከምኑ መቶኛ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የአቡጃው 15 በመቶ ከመንግሥት በጀት ነው፤ ከአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት ሲባል ግን ስንት ጊዜ ሰማሁ! ወረቀታችሁን የሚያነበው ባለሙያ ስህተቷን አንዴ ካገኘ የቀረውን ገጽ አያነብላችሁም።

ትርጉምን ለመጨረሻ ቀን አትተዉት። ዳካር ወይም ሉዋንዳ የሚሄድ ወረቀት በፈረንሳይኛና በፖርቱጋልኛ ካልተዘጋጀ ባትልኩት ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ከልቤ የማይወጣ ነው። ስለ ገበሬ ሴቶች ስንናገር እነሱን ይዘን አንሄድም። በአንድ የሰብል ዘር ሕግ ውይይት ላይ ግን አንዲት እናት ከኛ ጋር ገብተው ነበር። ተራቸው ሲደርስ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ከጎረቤቴ የተበደርኩትን ዘር ብመልስ በዚህ ሕግ እቀጣለሁ?» ብለው ጠየቁ። የሕግ ባለሙያው ረቂቁን ገለጠ፤ መልስ አላገኘም። ከሰዓት በኋላ ያቺ ጥያቄ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረች። እኛ ስድስት ወር ስንጽፍ አንድም ቦታ አላነሳናትም ነበር።